የመምህር ይባቤ ግሥ

ቤንዚን እርጥብ እንጨት ላይ ሲንጠባጠብ የራሱ ሽታ አለው። ትናንት ከሥራ ወጥቼ በጣና ዳር ሳልፍ አፍንጫዬን ሞላውና መምህር ይባቤን አስታወሰኝ። ጎረቤታችን ነበሩ፤ በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ግሪክኛ ሲያስተምሩ አርጅተው ጡረታ የወጡ። ተማሪ ሲያጡ እኔን አገኙ። ከአጥራችን ሥር፣ ጉልበታቸው ላይ ጋቢ ጣል አድርገው የግሪክኛ ግሥ ያስጠኑኝ ነበር፤ የእኔ ልብ ግን ኪሳቸው ውስጥ ካለው ከረሜላ ላይ ነበር።

አባቴ ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ ባለ ጀልባ ነበር። ዓይኖቹን ሞራ ስለጋረዳቸው ከፊት ተቀምጬ "ወደ ግራ፣ አባዬ" የምለው እኔ ነበርሁ። ሐኪሞቹ ሞራው ይገፈፋል ቢሉትም አሻፈረኝ አለ። ተሳፋሪው እየሸሸው መጣ። በመጨረሻ እናቴ ሽማግሌ ላከችበት።

ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዱ ከደጃፍ ቆሙ፤ መምህር ይባቤም አብረዋቸው ነበሩ። "እሺ ካላልኸን አንቀመጥም" አሉት። ሽማግሌ አቁሞ እንቢ ማለት ነውር ነውና አባቴ "እሺ" አለ። ተቀመጡ፣ ጠላ ጠጡ፣ መርቀው ሄዱ። ሐኪሞቹ በቀጠሩት ቀን ግን አባቴ ሐይቅ ላይ ዋለ።

ሌሎቹ ተቀየሙት። መምህር ግን በራሳቸው አፈሩ። በማግሥቱ አጥር ሥር "ፔይቶ" የሚለውን ግሥ አስጻፉኝ።

"ማሳመን ነው" አሉኝ። "መልኩን ሲለውጥ ፔይቶማይ ይሆናል፤ አምኖ መቀበል፣ መታዘዝም ነው። ነገሩ ተፈጽሞ ሲያድር ደግሞ ፔፖይታ ይሉታል፤ ያኔ መተማመን ነው። እኛ አባትሽን እሺ አሰኘነው እንጂ እምነቱን አላገኘንም።" ቀጥለውም "ለመሆኑ እኔስ አምኜው አውቃለሁ?" አሉ።

መምህር የደጋ ሰው ናቸው፤ ውሃ ይፈራሉ። ባሕር ዳር ያን ያህል ኖረው ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። በዚያው ሳምንት ግን ጋቢያቸውን ታጥቀው መጡና ጀልባችን ውስጥ ከአባቴ ፊት ለፊት ቁጭ አሉ። መቀመጫውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልዩ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ዳሩ ሲርቅ አባቴ ሞተሩን አጠፋ።

"አይፈሩም፣ መምህር?"

"እፈራለሁ እንጂ። እጅህን ግን አምናለሁ።"

አባቴ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ለእናቴ እንኳ ያልነገራትን ተናገረ። "ቢላዋውን ነው የምፈራው። ያለችኝን ጭላንጭል ቢያጠፏትስ?"

መምህር "አያጠፏትም" አላሉትም። "እሱን እኔም አላውቅ" አሉ። "እስከሚያስገቡኝ ድረስ ግን አብሬህ እገባለሁ።"

ማንም ደጃችን ላይ ሳይቆም አባቴ በራሱ እግር ሐኪም ቤት ሄደ። ፋሻው ሲነሣለት መጀመሪያ ያየው አልጋው አጠገብ የተቀመጡትን መምህርን ነበር። "ለካ እንዲህ አርጅተዋል!" አላቸው። እሳቸውም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን እስካሁን እወዳቸዋለሁ።

አሁን የዓይን ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ልጆቻቸው ያመጧቸው አንድ የአንበሳሜ አዛውንት፣ ስለ ሞራ ገፈፋው ገና ተናግሬ ሳልጨርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው "እሺ፣ እሺ" አሉኝ። ልጆቹን ውጭ እንዲጠብቁ ነገርኋቸው። በርጩማ ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥሁና ምን እንደሚያስፈራቸው ጠየቅኋቸው። እጄን በዳሰሳ ፈልገው ያዙ።

"አንቺ አብረሽኝ ትገቢያለሽ?"

"እገባለሁ፣ አባቴ።"