የጦጣዋ ኬላ

ያሰሩኝ አሮጌ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ፤ ከረፋድ ጀምሮ በእጅ አይነካም። በወለሉ ስንጥቅ የቀረውን ሰሊጥ ጉንዳን ሲያመላልሰው ይውላል። ጥግ ላይ ከጎጃም ለአጨዳ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ተኝተዋል። ከበሩ ሥር አንድ የአርማጭሆ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል።

«ምን አድርገህ ነው አንተ ልጅ?» አሉኝ።

«ኬላ አቁመሃል ተብዬ።»

«የምን ኬላ?»

«የጦጣ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ሙቀቱ አናቴ ላይ የወጣ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቼ አንድ ደራሲ ይወዳሉ፤ የጻፈውን ሁሉ ከጎንደር በሚኒባስ አስመጣላቸዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ አነባለሁ፣ ከዚያ ያነበብነውን ቤተሰቡ በሙሉ ይጫወተዋል። ጥንቸሏ ሾርባ የሠራችበትን ያነበብን ቀን ሾርባ ሠራን፤ ጨው በዝቶበትም ጠጣነው። የጦጣዋ መጽሐፍ ደግሞ ድልድይ የምትጠብቅ ጦጣ ታሪክ ነው። አንበሳም ይሁን ዝሆን፣ እሷ የመረጠችለትን እንስሳ ሆኖ ካልጮኸ አታሳልፍም። ያኔ ሁለተኛ ክፍል የነበረችው ትልቋ ልጄ ጦጣ ሆነች፤ ባለቤቴ ከጆንያ ጭራ ሰፋችላት። ግቢያችን በር ላይ የጆንያ መስፊያ ሲባጎ ወጠርን። ጎረቤቱ ሁሉ እየጮኸ ገባ። ውኃ የሚያመጣልን ሰውዬ እንደ አህያ አናፋ፤ አህያው ዝም ብሎ አየው።

በዚህ መሀል የቀበሌያችን ሹም ለስብሰባ ሊጠራኝ መጣ። ልጄ ሲባጎውን ይዛ «ፍየል ይሁኑና ይለፉ» አለችው። ጎረቤቱ ሳቀ። ሰውዬው ጥቁር መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ ተመልሶ ሄደ፣ በማግስቱ ታጣቂ ላከ። ክሴም «ሕገወጥ ኬላ በማቆም የመንግሥት ኃላፊ ማገት» ሆነ። ይኸውላችሁ ኃላፊ! በጆንያ ክር የሚታገት።

ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «የመጽሐፉ አንበሳስ? ምን ሆኖ አለፈ?»

«ጫጩት።»

«አይ አንበሳ!» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሹሙ ራሱ መጣ። አንገቱን በመሀረብ እየጠረገ በሩ ላይ ቆመ።

«ነገ ስብሰባ አለ» አለኝ። «ልጅህ ሕዝብ ፊት ቆማ ‹አባቴ አስተምሮኝ ነው፣ ይቅርታ› ትላለች። ያን ጊዜ ትፈታለህ።»

ልጄ ታየችኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ስለ ጆንያ ጭራዋ ይቅርታ ስትል። ያን ብታደርግ ኖሮ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ስከፍት ፊቷን ታዞርብኝ ነበር። ተናደድሁ ብል ውሸት ነው። ናቅሁት። እንዲህ ያለ ሰው ለንዴትም አይበቃም። እስከዚያ ቀን አንቱ እለው ነበር።

«ልጄ ስለ ተጫወተች ይቅርታ አትጠይቅም» አልሁት። «አንተም ከፈለግህ እኔን እዚሁ አቆየኝ።»

«ትበሰብሳታለህ!»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሆነው፣ በታላቅ ትሕትና፣ «ጌታው፣ ለምን አንዴ እንደ ፍየል ጮኸው አይገላገሉም?» አሉት። ጥግ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። በሩ ተጠረቀመ። ጠባቂው ሲቆልፍ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር።

ስብሰባው ያለ ልጄ አለፈ። እኔም ሰሊጡ ታጭዶ እስኪያልቅ ቆየሁ። አንድ ጠዋት «ውጣ» አሉኝ፤ ለምን እንደ ፈቱኝ የነገረኝ የለም። ቤት ስደርስ ሲባጎው በሩ ላይ ተወጥሯል። ልጄ ጭራዋን አስራ ከኋላው ቆማለች። ከስቼ፣ ጺሜ አድጎ ስታየኝ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረበች፤ ሲባጎውን ግን አልለቀቀችም።

«ፍየል» አለችኝ።

መንገዱ ላይ ሰው ነበር። ተንበርክኬ፣ አንገቴን አስግጌ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ «ሜኤኤኤ!» አልሁ። ሲባጎውን ጥላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ዛሬ እሷ ናት ለታናሽ እህቷ የምታነበው። ሲባጎውም ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጠራል። ሹሙ ከፍ ያለ ወንበር አግኝቷል አሉ። ገበያ ሲወጣ ግን በእኛ በር አያልፍም፣ በጓሮ በኩል ነው የሚዞረው። በክረምት ያ መንገድ እስከ ጉልበት ጭቃ ነው።

ይዙር።