ጂትመን ራይ ያስተማረው መልስ

ጂትመን ራይ ዶሃ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እንግሊዝኛው ግን ከጣት ቁጥር አያልፍም። አንዲት የሚወዳት መልስ ነበረችው፤ "የስ ሰር!" አለቃ ምንም ይበል ምን፣ ገባው አልገባው፣ ራሱን ወደ ትከሻው ዘንበል አድርጎ "የስ ሰር!" ነው። አሥራ አንድ ዓመት እንጀራውን የበላው በዚህች መልስ ነው። ከአገሩ ከኔፓል አዲስ ሰው የሠራተኞቹ ካምፕ ሲገባም እሱ ዘንድ ይላካል፤ እሱም ምስሩን እያማሰለ ያስተምራል።

"ስማ፣ አልገባኝም ያልክ ቀን ሻንጣህን አዘጋጅ። ጮክ ብለህ የስ ሰር በል፤ ከዚያ ሌላው የሚሠራውን እያየህ ሥራ።"

አይ ጂትመን! ይችኑ ምክር ለገዛ እህቱ ባል መስጠቱ ነው ጉዱ።

የእህቱ ባል ሀስታ ከመጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። በእነሱ ዘንድ የእህት ባል ይከበራል እንጂ አይታዘዝም፤ በዕድሜ ቢያንስም አንቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ከመሬት በታች ያለውን የውሃ ታንከር እንዲያጥቡ ሲታዘዙ፣ ጂትመን መጥረጊያውን ቀምቶ ራሱ ገባ።

"እርስዎ ከላይ አፉ ላይ ይቀመጡ። ጭቃው ለእኔ ነው።"

"ጋሼ፣ ሰው መጥቶ ቢያናግረኝስ?"

"ምን ብዬ ነው ያስተማርኩዎት?"

"የስ ሰር።"

"በቃ! ምን ጎደለዎት ታዲያ?"

ማክበሩ ነበር። ከላይ የሚቀመጥ ሰው ሥራው መቀመጥ ሳይሆን ለሚጠይቅ ሁሉ መመለስ እንደሆነ ግን ልብ አላለውም።

ታንከሩ ረጅም ነው። ጂትመን የራስ መብራቱን አብርቶ እስከ መጨረሻው ጥግ ሄደና ዝቃጩን መፋቅ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ የአለቃቸውን የኢንጂነሩን ድምፅ ሰማ። ከሚለው ሁሉ ሁለት ቃል ብቻ ያዘ፤ "ጨረሳችሁ?" እና "ውሃ"። ውሃ ሊለቁበት ነው!

"የስ ሰር!" አለ ሀስታ፣ ጮክ ብሎ፣ ልክ እንደተማረው።

"ሀስታ! ሰው አለ ይበሉት! እኔ አለሁ!" ጂትመን ጮኸ። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ተላትሞ እዚያው ቀረ።

ቱቦው አጉረመረመና ውሃው መጣ። መሰላሉ ደግሞ ያለው ቱቦው ሥር ነው። ጂትመን ሲሮጥ ዝቃጩ አንሸራተተውና በግራ እጁ ላይ ወደቀ፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማው። መብራቱ ጠፋ። ውሃው ጉልበቱን አለፈ፣ ወገቡ ደረሰ። ወደ መሰላሉ በተጠጋ ቁጥር እየገፋ ይመልሰዋል። ፈራ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ እንደ ሕፃን እናቱን ጠራ።

ከላይ ሀስታ እያለቀሰ ይጮኻል። "የስ ሰር! የስ ሰር! የስ ሰር!"

ምን ያድርግ! ጂትመን ሦስት ሳምንት ሙሉ አለቃ ፊት ሌላ ቃል አላስለመደውም። ውሃውም አልቆመም። ጂትመን ጨለማው ውስጥ ሆኖ የገዛ ትምህርቱን እየሰማ፣ "ምን ዓይነት ደደብ ነኝ!" አለ።

ድንገት አንድ ከባድ ነገር ውሃው ላይ ወደቀ። ሀስታ ነው፤ ቃል ሲያጣ ራሱን ወረወረ። "ጋሼ! ጋሼ!" እያለ በዳበሳ መጥቶ ቀበቶውን ጨበጠው። ከላይ ኢንጂነሩ አበደ፣ ሰዎች ተሯሯጡ፣ ውሃውም ቆመ።

ሁለቱን ጎትተው አወጧቸው። ኢንጂነሩ ፊቱ አመድ መስሎ ጂትመን ፊት ተንበረከከ፤ ደህና ነህ ወይ ማለቱ ነበር።

"የስ ሰር" አለ ጂትመን ራሱን ዘንበል አድርጎ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የግራ እጁ አብጦ ተንጠልጥሏል፣ እሱ "የስ ሰር" ይላል።

ሀስታ ውሃ እያንጠባጠበ አፍ አፉን ያየዋል። ጂትመን አፈረ። ያበጠ እጁን በሌላው እጁ ደግፎ አነሳው።

"ኖ" አለ። "ኖ፣ ሰር።"

ኢንጂነሩ አልተቆጣም። ብድግ ብሎ አምቡላንስ እንዲጠሩ ጮኸ።

"ጋሼ" አለ ሀስታ በሹክሹክታ፣ "ለአለቃ ኖ ይባላል እንዴ?"

"ይባላል" አለ ጂትመን። "እኔ ነኝ ያላስተማርኩዎት።"