በትንፋሽ ያደገች ልጅ

አልታየች በደሴ ከተማ፣ ሆጤ ሰፈር፣ በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪና ዘርግታ የምትሠራ ሴት ነበረች። ሰፈሩን ያለበሰችው እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰፈሩ የማያውቀው፣ ወይም እንዳላወቀ የሚያልፈው፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጓዳዋ ውስጥ የሚሆነውን ነው። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ጥቂት ምእመናን እዚያ ተሰብስበው ይዘምራሉ። መዘመር ከተባለ ነው እንግዲህ! ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ዜማው ይለያል፣ ድምፅ ግን የለም፤ ሁሉም በትንፋሽ ነው። አንዱ ተመስጦ ከፍ ሲልበት አልታየች መዳፏን ታነሣና ቀስ አድርጋ ወደ ታች ታወርደዋለች፤ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ባሏ ይርጋ እንዲህ ባለ ጉባኤ ላይ ተይዞ አንድ ክረምት ሙሉ በእስር ያሳለፈ ሰው ነውና በዚህ ነገር ቀልድ አልነበረም።

ልጃቸው ርብቃ ጸሎት ቤቱ ከታሸገ በኋላ የተወለደች ናት። ዝማሬ ስትል የምታውቀው ይህንኑ ነው።

በ1979 ዓ.ም. በልግ ላይ ቀበሌው ለመስከረሙ የአብዮት በዓል የሕፃናት ኪነት ሊያቋቁም መሆኑ ተለፈፈ። አስተማሪው ሞላልኝ ነው፤ ድሮ በጦሩ የሙዚቃ ክፍል ያገለገለ አኮርዲዮን ተጫዋች። ትምህርቱ በነፃ ስለሆነ ልጅ ያለው ሁሉ ቅዳሜ ወደ ቀበሌው አዳራሽ እያመጣ ያስፈትን ተባለ። ርብቃ ይህን ስትሰማ የምትሆነውን አጣች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአዳራሹ መስኮት ሥር ቆማ ሞላልኝ አኮርዲዮን ሲለማመድ እያዳመጠች እንደምታመሽ እናቷ አሳምራ ታውቃለች።

ባልና ሚስቱ ተጨቃጨቁ። ይርጋ ነገሩ ጨርሶ አልተዋጠለትም። የሚያስተምሯት ዓለማዊ ዘፈን ነው፤ ያም ይሁን ቢባል ልጅ ልጅ ናትና አንድ መዝሙር ከአፏ ቢያመልጣት ቤቱ አለቀለት። አልታየች ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲሄድ የእነሱ ብቻ ብትቀር የሚመጣው ጥያቄ አስፈራት። በመጨረሻ ትፈተንና የሚሆነውን እናያለን ተባባሉ። ከትምህርት ቤት የሰማችውን አንድ የሰልፍ ዘፈን መርጠው፣ ከዚያ ውጭ ቃል እንዳይወጣት ቃል አስገብተው፣ ሳምንቱን ሙሉ አስጠኗት። ያስጠኗት ግን ጓዳ ውስጥ፣ በለመዱት መንገድ፣ በትንፋሽ ነበር። ሁለቱም ይህን ልብ አላሉትም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። የጎረቤታቸው የሸሪፋ ልጅ ለይላ ቆርቆሮው እስኪነቃነቅ ዘፈነች፤ ተጨበጨበላት። ቀጥሎ ርብቃ መድረክ ላይ ወጣች። አልታየች እጆቿን ጉልበቷ መሐል ቀብራ፣ የምታውቀው ቃል ሁሉ በሥርዓቱ ከልጇ ከንፈር ሲወጣ አየች። አንድም አልተሳሳተችም። አንድም አልተሰማም።

የቀበሌው ሊቀመንበር መኳንንት ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ወደፊት ጎንበስ አለ። «ምን ሆነሽ ነው? ኸማን ተደብቀሽ ነው የምትዘፍኚ?»

አልታየች ዐይኗ ፊት ይርጋ በመኪና ተጭኖ የሄደበት ቀን መጣባት። ሞላልኝ ልጅቷን አየ፣ እናቲቱን አየ፣ አኮርዲዮኑን ሰብስቦ ዘጋው።

«ድምፅ የላትም፣ ጓድ ሊቀመንበር። የሚቀጥለው ይምጣ።»

ይርጋ ይህን ሲሰማ ፈጣሪውን አመሰገነ። አልታየችም አመሰገነች፤ ግን አልዘለቀላትም። ርብቃ ራት አልበላ አለች። በአዳራሹ መስኮት ሥር መቆሟንም ተወች። አንድ ቀን እናቷ መኪናው ላይ አቀርቅራ ስትሰፋ አጠገቧ መጥታ ቆመችና፣ «እማዬ፣ እኔ ድምፅ የለኝም?» አለቻት። አልታየችን መርፌው ጣቷን ወጋት።

በማግሥቱ ጎመን ልንገዛ ነው ብላ ልጇን ይዛ ከከተማ ወጣች። የደሴ ዙሪያ ገበሬዎች ማሳ መሐል፣ ሰው በሌለበት የእግር መንገድ ላይ፣ በይ አሁን እንደፈለግሽ ዘምሪ አለቻት። ርብቃ ግራ ቀኙን አይታ አፏን ከፈተች። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እንደገና ሞከረች፤ ያው ነው። እኔን ተከተይ አለችና አልታየች ራሷ ጀመረች። እሷ እንኳ በልጅነቷ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ድምፅሽ ከሁሉ በላይ ይሰማል ትባል የነበረች ናት። ከእሷም የወጣው ያው ትንፋሽ ነበር። እዚያው የማሳው ድንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ማታ ለይርጋ፣ ልጅቷን ሞላልኝ ዘንድ እወስዳታለሁ አለችው። ይርጋ ተቆጣ። ደጄን በገዛ እጄ ልክፈትላቸው ወይ አለ፤ በእስር ያየውን ሁሉ አነሣ። አስጨረሰችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ጸሎት ቤታችን የተከፈተ ለት ይቺ ልጅ በምን ልትዘምር ነው?»

ይርጋ ሂጂም አላለ፣ አትሂጂም አላለ።

ሞላልኝ ብቻውን ወንበር ሲደረድር አገኘችው። ርብቃ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ቆማለች።

«ምን ምን ዜማ ታውቃለች?» አላት።

አልታየች ልቧ ቆረጠ። «ምንም አታውቅም፣ ጋሼ። ኸመጀመሪያው ያስተምሩልኝ።»

ሞላልኝ ሳያምናት እሺ አለ። ልጅቷ እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ የምታውቀውን ሁሉ ያስተማረቻት እናቷ ናትና። ያ አስተያየት አልታየችን ለብዙ ጊዜ አሳመማት።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ልትወስዳት መጥታ በመስኮቱ በኩል ቆመች። ልጆቹ ተራ በተራ ይዘፍናሉ። ከዚያ አንድ ድምፅ ተነሣ። መጀመሪያ የሻከረ፣ እየቆየ የጠራ ድምፅ ነው። የማን እንደሆነ ለማወቅ አልታየች ወደ ውስጥ ማየት ነበረባት። ርብቃ ናት፤ ስለ አዝመራና ስለ ትራክተር እየዘፈነች ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ይሰማታል።

አልታየች መዳፏ ሳታዝዘው ተነሣ። ቀስ ብሎም ወደ ታች ወረደ።

ርብቃ በመስኮቱ አየቻት። ድምፁ ወዲያው ወደቀ፤ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ቀረ። ሞላልኝ አኮርዲዮኑን ሳያቋርጥ ዞሮ ማን እንዳለ አየ።

አልታየች እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች፤ በሌላው እጇም ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ልጅቷ ትንሽ ጠበቀች። እጁ ተመልሶ እንዳልወጣ ስታይ ካቆመችበት ቀጠለች፣ ከበፊቱም ከፍ አድርጋ።