የአመዩ መፋቂያ

አምቦ ውስጥ ሬዲዮው የተበላሸበት ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ አመዩ ነበር። አመዩ ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ሱቁ ተቀምጦ፣ የወይራ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሬዲዮ ጠግኗል። መፋቂያዋን የሚያወጣት ሲበላና ሲተኛ ብቻ ነው፤ ሲተኛም ትራሱ ሥር ናት።

በ1978 ዓ.ም. ግን ይህ ሰው አንድ ጉድ ደብቆ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመግለው ጆሮው ደክሞ ደክሞ፣ ቀጭን ድምፅ ጭራሽ አልሰማ ብሎታል። ጠጋኙ ደንቆሮ ነው ከተባለ ማን ሥራ ይሰጠዋል? ከሚስቱ ከባየሽ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

በዚህ መሀል ኩምሳ መጣ። ኩምሳ በአሮጌ ላንድሮቨር ከአምቦ ጎጆ ከተማ ሰው የሚያመላልስ፣ ያለ ዘፈን መኪናው የሚነሳ የማይመስለው ሹፌር ነው። ለቴፑ ድምፅ ማጉያ ሳጥን፣ አምፕሊፋየር፣ ገዝቶ ባስገጠመ በወሩ፣ ነገር መጣበት።

«ኦቦ አመዩ፣ ማሎ፣ እባክዎ! እንደ ትንኝ ጢ... እያለ አሳበደኝ። እሁድ ሙሽራዬን ከጎጆ አመጣለሁ፤ በትንኝ ላጅባት ነው?»

አመዩ ምንም አልሰማም። ቢሆንም «አዎ፣ ይጮኻል» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ የስፒከሮቹን ሽቦ ለውጦ ሸኘው። ኩምሳ በማግስቱ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀንም ተመለሰ።

«ኦቦ አመዩ፣ ለመሆኑ ይሰማዎታል?» አለ ተማርሮ። እንዲያው ለአፉ ነው እንጂ ጠርጥሮ አልነበረም፤ አመዩ ግን የታወቀበት መሰለው።

ስፒከሮቹን ነቀላቸው። ሱቅ ውስጥ የነበረችው ባየሽ ከኩምሳ ጀርባ ሆና በጣቷ የአምፕሊፋየሩን ሳጥን ጠቆመችው፤ ስፒከር ተነቅሎም ሳጥኑ ራሱ ይጮኻል ማለቷ ነው። አመዩ ክዳኑን ፈትቶ፣ አገጩ ሳጥኑ ውስጥ እስኪገባ አጎነበሰ። ያን ጊዜ የመፋቂያው ጫፍ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበትን ትራንስፎርመር ነካ፤ ንዝረቱ በእንጨቱ አልፎ ጥርሱን ነዘረው!

ደነገጠ። መፋቂያውን ወደ ሌላው ዕቃ አዞረው፤ ጸጥ። ወደ ትራንስፎርመሩ መለሰው፤ ጢ...! የጎጆ መንገድ አንገጫግጮ አንገጫግጮ የመዳብ ጥምጥሙን አላልቶት፣ ኤሌክትሪክ ባለፈበት ቁጥር ይንቀጠቀጣል ለካ። ባየሽ ጠጅ ጥላ የተረፋትን ሰም አመጣች። አመዩ ትራንስፎርመሩን አውጥቶ በቀለጠው ሰም ነከረው፤ ሰሙ ጥምጥሙ ውስጥ ገብቶ እስኪረጋም ጠበቀ።

መልሶ ሲያበራው ጥርሱ ዝም፤ የባየሽ ፊትም ሳቀ።

«ገለቶማ! እንዴት አገኙት?» አለ ኩምሳ እያመሰገነ።

«በጥርሴ! ጆሮዬማ ከተወኝ ሰነበተ!»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአመዩን ደስታ አወጣው። አፉን በእጁ ከደነ፤ ግን አለቀ። ኩምሳ ወሬውን ከድንችና ከበግ ጋር ጭኖ እስከ ጎጆ አደረሰው። አመዩ ከእንግዲህ ማን ያሠራኛል ብሎ ሱቁን ሊዘጋ ሲሰናዳ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ሰው ተሰለፈ፤ ሁሉም ሬዲዮውን ታቅፎ «በጥርስህ እይልኝ» ይላል።

እሁድ ኩምሳ ሙሽራውን ይዞ ሲያልፍ መኪናውን ሱቁ ደጃፍ አቁሞ ዘፈኑን ለቀቀው። አመዩ ወጣና፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ መፋቂያውን እንደነከሰ ጫፉን ስፒከሩ ላይ አሳረፈ። ስንት ዓመት የራቀው ዜማ በጥርሱ ገባ። ዓይኑን እንባ ሞላው።

«ባየሽ!» ብሎ ጮኸ፤ «ለካ ይሄ ዘፈን መሰንቆ አለው!»