ኩራዙን ያጠፋው ጉድጓድ

አንደኛ የወጣነው ኩራዝ በማጥፋት ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ዳኞቹን ያስጨበጨባቸው ግን እሱ ነበር።

መካነ ሰላም የምህንድስና አምስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ከአንዲት የክፍሌ ልጅ ጋር ሆነን ለፈጠራ ውድድር የእህል ጉድጓድ ሠራን። ጉድጓዱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ወደ አባይ በረሃ በሚያዘቀዝቀው አገር ገበሬው ማሽላውን ከጥንት ጀምሮ የሚያስቀምጠው መሬት ውስጥ ነው። የኛ ፈጠራ ውስጡን የሚያለብስ ወፍራም ላስቲክና አየር የማያሳልፍ ክዳን ነበር። አየር ከሌለ ነቀዝ አይኖርም። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ሠርቷልም።

የሞከርነው በእናቴ ወንድም ጓሮ ነው። አጎቴ በልጅነታቸው አንድ ጎረቤታቸው ጉድጓድ ወርዶ ሲቀር ያዩ ሰው ናቸው። የታመቀ አየር ሰው እንደሚገድል በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ስለዚህ ጉድጓድ ሲከፈት አንድ ቀን ሙሉ ይተዋል፤ "ይተንፍስ" ይላሉ። በማግስቱ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። ኩራዙ እንደበራ ከቆየ ሰው ወገቡን ታስሮ ይወርዳል፤ ከጠፋ ግን ማንም አይጠጋም።

ከአራት ወር በኋላ ክዳኑን በከፈትን ቀን ኩራዙን ያወረዱት አጎቴ ናቸው። ክንድ ያህል እንኳ ሳይወርድ ድርግም አለ። እሳቸው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ እኛ ተቃቀፍን። ኩራዙ ጠፋ ማለት ነቀዙ አልቋል ማለት ነው። ጓደኛዬ በስልኳ እንድትቀርጸው ሦስት ጊዜ እያበራን አጠፋነው። አጎቴ ራቅ ብለው ቆመው ያዩን ነበር። ፊታቸውን ልብ ያልኩት በኋላ ቪዲዮው ላይ ነው፤ ዛሬም ሳየው ያስፈራኛል።

ዳኞቹ ወደዱት። ከደሴ የመጣ አንድ ባለሀብትም ላስቲኩንና ክዳኑን አምርቶ ሊሸጥ ተስማማ። የአጠቃቀም ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከመውረድዎ በፊት አንድ ቀን ከፍተው ይተዉት የሚል መስመር ከሁሉ በላይ በጉልህ አስቀምጬ ነበር። ባለሀብቱ ሞት ሞት የሚሸት ዕቃ ማን ይገዛል አለ። ጓደኛዬ አጥብቃ ተከራከረችው። እሷን ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ፤ ይህን ለገበሬ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው ብዬ። መስመሩን አጠፋሁት። ዝም አይነቅዝም አልኩ ለራሴ፤ አዋቂ ነኝ ብዬ።

በዓመቱ የአጎቴ ሚስት ደውለው፣ አጎትህ ታመዋልና ቶሎ ድረስ አሉኝ። ስደርስ አጎቴ መደብ ላይ ተኝተዋል። ዓይናቸው ደም መስሏል፤ ቃል ለማውጣት ይደክማቸዋል። ሚስታቸው ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነገሩኝ። አጎቴ ገሚሱን እህል አውጥተው መልሰው የዘጉትን ጉድጓድ ከፍተው ወዲያው ወርደው ነበር። በግድ ገመድ ያሰሯቸው ሚስታቸው ናቸው፤ ጎትተው ያወጧቸውም እሳቸው።

ለምን ሳያስተነፍሱት ወረዱ ብዬ አጎቴን ተቆጣኋቸው። ቁጣዬ በራሴ ላይ ነበር፤ የወጣው ግን በሳቸው ላይ ነው።

"የተሸለመ ነው ብዬ ነዋ፣ ልጄ" አሉኝ። "ወረቀቱ ላይም ይተንፍስ የሚል የለም። መላ ያገኛችሁለት መስሎኝ። አብሽር፣ ለማንም አልተናገርኩም። ምች መታኝ ነው ያልኳቸው። ስማችሁ አይጠፋም።"

ያፅናኑኝ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ተነስቼ ወጣሁ። በሳቸው ምክር ላስቲኩን የገዙ አራት ጎረቤቶች አሉ፤ ሁሉም በዚያ ሳምንት ይከፍታሉ።

የመጀመሪያው ቤት ስደርስ አባወራው የክዳኑን አፈር እየጠረጉ ነው። ከፍተው እስከ ነገ እንዲተዉት ለመንኳቸው። አጎቴን የጣላቸውም ይኸው አየር ነው አልኳቸው። በትሕትና ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ምች ነው ብለውናል። አጎትህ ደግሞ አይዋሹም።"

ሄጄ ክዳኑ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቆይተው ተቆጡና ሌሎቹን ጎረቤቶች ጠሩ። እነሱም ተማሪው ምን ነካው ይባባሉ ጀመር። በዚህ መሀል አጎቴ በሚስታቸው ትከሻ ተደግፈው መጡ። በዚያ ሰፈር እርቅ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ በቃላቸው ስንቱ ታርቋል።

"ዋሽቻችኋለሁ" አሉ። "ምች አይደለም። ጉድጓዱ ነው።"

አጎቴ ወደ እኔ አላዩም። ማፈር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ በሰው ፊት ያፈሩት ግን እሳቸው ሆኑ። አራቱም ጎረቤቶች ጉድጓዳቸውን ከፍተው እስከ ማግስቱ ሊተዉት ተስማሙ።

እዚያው ቆሜ ለባለሀብቱ ደወልኩ። መስመሩን በሚቀጥለው ኅትመት እመልሰዋለሁ አለኝ። እስካሁን የተሸጡት የት እንዳሉ ጠየቅኩት። ወደ አጅባርም፣ ወደ ወረኢሉም ነጋዴዎች ገበያ ለገበያ ይዘዋቸው ሄደዋል፤ ማን እንደገዛ የሚያውቅ የለም። ወሩ ጉድጓድ የሚከፈትበት ወር ነበር።