ቅጠል የማይገባባት በራድ

ቻይናዊውን ሽማግሌ መጀመሪያ ያገኘኋቸው ለሥራ ነው። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ውስጥ ለዓመታት የቻይና ሻይ የሸጡበት ሱቅ ሊዘጋ ስለነበር፣ ለሐበሻ ማኅበረሰባችን ጋዜጣ አጭር ዘገባ ልጽፍ ሄድኩ። ዘገባው ወጣ፣ ሱቁም ተዘጋ። እኔ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ በላይ ወዳለው አፓርታማቸው መሄዴን አላቆምኩም። የሚያፈሉት ኡሎንግ ሱስ ሆኖብኝ ነበር።

ኡሎንግ ከአረንጓዴውና ከጥቁሩ ሻይ መሀል ያለ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ቁንዶ በርበሬ ተድቦልቡሎ ይደርቃል። ሽማግሌው ብርቱካን በምታክል የሸክላ በራድ ውስጥ ጨምረው የፈላ ውሃ ያፈሱበትና የመጀመሪያውን ውሃ ወዲያው ይደፉታል። ሁለተኛውን ጥቂት አቆይተው በሁለት ጉንጭ በሚያልቁ ሲኒዎች ይቀዳሉ።

“ቀስ በል” ይሉኝ ነበር። “የቡና ጠጪ ምላስ የተቃጠለ ነው። ገና አመዱን እየጠረግንልህ ነው።”

መስኮቱ ጠርዝ ላይ ቅጠል የማይጨምሩባት አንዲት ቡናማ በራድ ነበረች። የሟች ባለቤታቸው ናት። ባለቤታቸው በከሰል የተቆላ አንድ ዓይነት ኡሎንግ ብቻ ከሠላሳ ዓመት በላይ አፍልተውባታል። ሸክላው ሻዩን ስለሚመጥ ሳሙና አይነካውም፤ በውሃ ብቻ ይለቀለቃል። ከሞቱ ወዲህ ሽማግሌው ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶዋን የፈላ ውሃ ይሞሉባትና የሚወጣውን ይጠጣሉ።

በአንዱ ክረምት ከጉንፋን ሲነሡ ማሽተትም መቅመስም አቃታቸው። ያን ቅዳሜ በራዷን ፊቴ አስቀመጡ።

“ጋዜጠኛ፣ ሴት ልጄ ‘አዎ አባባ፣ አለች’ ትለኛለች። ልታጽናናኝ ነው። አንተ አታጽናናኝ። ሚስቴ አሁንም እዚህ ውስጥ አለች ወይስ የለችም?”

ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን አየሁ። ቅጠል የለም። የተቀዳው ውሃ ፈዛዛ ቢጫ ነበር። መጀመሪያ የተቆላ ገብስ፣ ቀጥሎ ኮክ፣ ከዋጥኩት በኋላም ጉሮሮዬ ላይ የቆየ ጣፋጭነት።

“ጣዕሙ አለ” አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ባለቤቴ ከቤት ስወጣ፣ “ዛሬም የሙት ሻይ ልትጠጣ ነው? ስትመለስ ብርጭቆዬን እንዳትነካ!” ትለኛለች። ከሳምንት ሳምንት መጀመሪያ ገብሱ ጠፋ፣ ቀጥሎ ኮኩ። “ሳስቷል” እላቸዋለሁ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ይቀበሉኛል።

አንድ ቅዳሜ ልጃቸው ስልክ ደወለችና ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ወሬው ረዘመ። ብቻቸውን በሚኖሩ አዛውንት ቤት የጠጡበትን ሳያጥቡ መውጣት እኛ ዘንድ ነውር ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ ሲኒዎቹን አጠብኩ። በራዷንም አጠብኩ፤ በሳሙና፣ በስፖንጅ፣ ውስጧን ሳይቀር። ቡናማ አረፋ ሲወርድ ነው የነቃሁት።

ደጋግሜ ባለቀልቃትም ሳሙና ሳሙና ትሸት ነበር። ቦታዋ መለስኳትና ያደረግኩትን ሳልናገር ተሰናብቼ ወጣሁ። በሥራዬ ስሳሳት በሚቀጥለው እትም እርማት አወጣለሁ። ይህን ግን ሳምንቱን ሙሉ ይዤው ሰነበትኩ።

በሳምንቱ ደረጃውን ስወጣ ልናዘዝ ወስኜ ነበር። አፌን ሳልከፍት ቀዱልኝ። ሲኒውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ የጠበቅኩት ሳሙና ነው። የሸተተኝ የተቆላ ገብስ ነው። ኮኩም ተመልሷል። ቀለሙ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ደምቋል።

“እሺ?”

“አለ። ከመጀመሪያውም ቀን ይበረታል።”

“ባለፈው ሳምንት እኮ ‘ውሃ ሊሆን ነው’ ብለኸኝ ነበር።”

“ብዬዎታለሁ።”

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። “አንተም ጀመርክ። እንደ ልጄ፣ አንተም ማጽናናት ጀመርክ።”

ፊታቸው ባንድ ጊዜ አረጀ። ከእኔ የሚፈልጉት አለመዋሸቴን ብቻ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስፖንጁንም፣ አረፋውንም።

“ውስጧን?”

“ውስጧን።”

“በሳሙና?”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሳሙና።”

“በሳምንቱ ውስጥ ሻይ አፍልተውባታል?” ብዬ ጠየቅኩ። ጥያቄው ክፉ ነበር፤ መጠየቅ ግን ነበረበት። ተነሥተው ወደ ጓዳ መሩኝ። የባለቤታቸው ሻይ ጣሳ ባዶ ነው፣ ውስጡን ዝገት ይዞታል። ሌሎቹንም ጣሳዎች አንድ በአንድ ከፍቼ አሸተትኩ። የተቆላ ቅጠል አልነበረም።

ተመልሰን ውሃውን ደፉና በአዲስ ሞሉ። ቀመስኩ፤ አልሳሳም። በሦስተኛው ሙሌትም አልሳሳም።

“ትምላለህ?”

“አልምልም። የቀመስኩትን ነው የምነግርዎት።”

ይህን ሲሰሙ ነው ያመኑኝ። “እንግዲያው ከሸክላው አይደለም የምትመጣው” አሉ። ከእጄ ሲኒውን ተቀበሉና በጠረጴዛው ማዶ፣ በባለቤታቸው ባዶ ወንበር ፊት አኖሩት። “ከእንግዲህ ቅዳሜ አትምጣ። አትቀየመኝ። ምስክር አያስፈልገኝም።”

ደረጃው ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። በቋንቋቸው ጥቂት ያወራሉ፣ መልስ እንደሚሰማ ሰው ያቆማሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። አንዴ ሳቁ። የሰማሁት የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ሲኒ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን ሁለት ጊዜ ሰማሁ፤ አንዱ ሌላውን ተከትሎ።