ሚስቴን አቀብል የተባልኩ ቀን

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እኛን ጨምሮ ሃያ አራት ሰው ክብ ሠርቶ በቆመበት አዳራሽ ውስጥ፣ ሚስትህን አቀብል ተባልኩ።

ቪዲዮው አገር ቤት፣ አሰላ ደርሷል አሉ። እንግዲያው ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት።

እኔና ባለቤቴ በላይነሽ ልጃችንን ትዕግስትን ልንጠይቅ ሆላንድ ነን። ከተማዋ ከናዝሬት ብዙም አትበልጥም። ትዕግስት በየእሁዱ የምትሄድበት የኩባ ሳልሳ የሚጨፈርበት ቤት አለ። ኩባዊ ግን አንድም አላየሁም። የባንክ ሠራተኛ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ጡረተኛ... ሁሉም የአገሬው ሰው ነው። የጭፈራ ጫማውን በፌስታል ይዞ ይመጣና በር ላይ ይቀይራል።

«አባዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከእማዬ ጋር ግቡ» አለች።

እኔ የኮምባይነር ጥገና የተማርኩት መጽሐፉን አንብቤ ነው፤ ማንም እጄን ይዞ አላሳየኝም። ይሄንንም ወንበር ላይ ተቀምጬ ግማሽ ሰዓት አጠናሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ማረፍ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ማረፍ። አራትና ስምንት ለምን እንደማይቆጠሩ ጠየቅሁ... «ይግቡና ያዩታል» ተባልኩ። ገባን።

ጥንድ ጥንድ ሆነን ክብ ሠራን። አስተማሪው «ዳሜ!» ብሎ ጮኸ። ወንዶቹ በሙሉ የያዟትን ሴት ወደ ጎን ለቀው የሚቀጥለዋን ተቀበሉ። እኔ አልለቀቅሁም። ክቡ ቆመ። ከጎኔ ያለው ረጅም ጡረተኛ ባዶ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

«አባዬ፣ ያቀብሉ ማለቱ ነው» አለች ትዕግስት፣ ከዳር ቆማ በስልኳ እየቀረጸችን።

«ምኑን?»

«እማዬን!»

«እናትሽ ዕቃ ናት?»

«ኧረ ጭፈራው ነው! እርስዎ ቦታዎን ካልለቀቁ ዞራ ትመጣለች። ከወጡ ግን መመለሻ የላትም።»

«አርባ አንድ ዓመት ለማንም አላቀበልኳትም» አልኩ።

በላይነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰርግ ቤት ገና ዘፈኑ ሲሞቅ ‹እንሂድ› ይሉኛል። እኔም ነጠላዬን አንስቼ እከተላለሁ። ዛሬ ልጨፍር ነው። ከፈለጉ ይውጡ» አለችኝ። እጇን ከእጄ አውጥታ ወደ ጡረተኛው ሄደች።

ልወጣ ነበር... ግን ከወጣሁ የምትመለስበት ቦታ የለም። ቆምኩ።

አሥራ አንድ ሴት በእጄ አለፈች። አንዷም አልወደቀችም። አንደኛዋ በምልክት ፈገግ በል ብትለኝ፣ እየቆጠርኩ ነው አልኳት። ዓይኔ ከክቡ ማዶ ነበር። በላይነሽ ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ትስቃለች። እንደ ወትሮዋ አፏን በእጇ አልሸፈነችም። እንዲህ ስትስቅ መጨረሻ ያየኋት መቼ እንደሆነ ላስታውስ ስሞክር ቁጥሩ ጠፋብኝና የአንዷን እግር ረገጥኩ።

በመጨረሻ ዞራ መጣች። አልቧታል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራዋለች።

«በቃሽ?» አልኳት።

«ኧረ ገና ነኝ!»

«ዳሜ!» አለ አስተማሪው።

ጡረተኛው እጁን ዘረጋ፤ ደግሞ መለስ አደረገው። ፈርቶኛል። እኔው ራሴ አቀበልኩት።

«ግራ ትከሻዋን ያማታል፤ ቀስ አድርገህ ያዝ» አልኩት በአማርኛ። መረዳት የእሱ ፋንታ ነው።